ጀላሉ ለወንድማማቾቹ ያወራላቸው

ጀላሉ ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ተነሥቶ መቀሌ ሲገባ ሀብቱ አንድ የቪዲዮ ማጫወቻና ማንም የማይረታው አፉ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ገበያው አጠገብ የከፈታት ቪዲዮ ቤት ስምንት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበራት። ቢሆንም ሰው እሱን ለመስማት ይጋፋ ነበር። ካሴቶቹ ከጅዳ ስለሚመጡለት ከምስሉ ሥር የዐረብኛ ትርጉም ይጻፍባቸዋል፤ እሱ ዐረብኛውን እያነበበ ጮክ ብሎ በአማርኛ ይለዋል። እንግሊዝኛው ግን «የስ» ከማለት አያልፍም።

አንድ ቀን ታዲያ ከሥሩ ምንም ያልተጻፈበት የእንግሊዝኛ ካሴት ገባ። የእውነት ሰዎች የተቀረጹበት የዱሮ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች በአንድ ትልቅ አሮጌ ቤት በራቸውን ዘግተው ይኖራሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ዳክዬ ይርመሰመሳል፤ ታላቅየው ከነካፖርቱ ይተኛል። ሰዉ በሳቅ አውካካ። ጀላሉም ምን ቸግሮት! እንደመጣለት ይተረጉም ጀመር። ታላቅየው በመስኮት እያየ ረዘም አድርጎ ሲናገር ግን ከየት እንደመጣ ሳያውቀው እንዲህ አለ፦ «ደጃችንን የሚመታው ሁሉ ሊመክረን ነው የሚመጣው። ጨዋታ ይዞ የሚመጣ አንድ ሰው ጠፋ!»

ፊልሙ ሲያልቅ እንደ ልማዱ ክርክር ተነሣ። አንዱ «እብዶች ናቸው» ሲል ሌላው «ጥጋብ ነው» አለ። ልብስ ሰፊዋ ለተኪዳን ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ምን ያስቃችኋል? ማን ይናገር የነበረ! ሁለቱ አክስቶቼ ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በር ዘግተው ተቀምጠዋል። ምግብ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ቄስም ሽማግሌም ወሰድኩ፤ አልከፈቱም።» ወደ ጀላሉ ዞረች። «ጀላሉ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሰውየው እውነት እንደዚያ ብሏል?»

«ወላሂ» ሊል ከአፉ አድርሶ ፈራ። «ብሏል» አለ።

ለተኪዳን በማግሥቱ ምክሯን ትታ ፊልሙን ለአክስቶቿ በበሩ ስንጥቅ ታወራላቸው ጀመር። ማታ ማታ እየሮጠች ትመጣለች። «እዋይ ጀላሉ፣ ዛሬ ሳቁ!» በሁለተኛው ቀን፣ «ዳክዬዎቹን ማን ያበላቸዋል አሉኝ!» በሦስተኛው ቀን መጨረሻውን ሳትነግራቸው፣ «መጥታችሁ እዩት» ብላ ጥላቸው መጣች። ጀላሉ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ወዲያው ደግሞ ይሰጋል፦ ውሸቱ ቢታወቅ ያ በር ተመልሶ ይዘጋል፣ በእሱም ጦስ።

እሑድ ከሰዓት አክስቶቿ በጋሪ መጡ! ታላቅየዋ ወይዘሮ ኣሰለፈች የታናሻቸውን እጅ ጨብጠው ይዘዋል። ሰዉ የፊቱን ወንበር ለቀቀላቸው። ጀላሉ በሩን ዘግቶ ፊልሙን ጀመረ፤ እስኪያልበው ድረስ ተረጎመ። ድንገት ዞር ሲል የወይዘሮ ኣሰለፈች ከንፈር ከፊልሙ እኩል ይንቀሳቀሳል።

«እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?» አላት ለተኪዳንን በሹክሹክታ።

«አስመራ አሜሪካኖች ዘንድ አሥር ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት ሠርተዋል እኮ» አለች ለተኪዳን። «አልነገርኩህም?»

ጉድ ፈላ! የመስኮቱ ንግግር ሲደርስ አፉ ተያዘ።

«ምን ሆንክ ወደይ፣ ልጄ? ቀጥል እንጂ» አሉ ወይዘሮ ኣሰለፈች።

ያችኑ ቃል ደገማት። ወይዘሮ ኣሰለፈች እጃቸውን አነሡ፤ ካሴቱን አቆመው።

«ሰውየው፣ ባርኔጣዬን ዳክዬ በላብኝ ነው የሚለው።»

«ኣደይ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ጀላሉ። «አንድም ቃል አልገባኝም ነበር። ከራሴ ነው ያወራሁት።»

ትክ ብለው አዩት።

«እሱስ አላለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆዴ ስለው የኖርኩት እኔ ነኝ። አንተ የኔን ነው የተናገርከው።» ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «በል ከመጀመሪያው መልሰው። እሱ ያለውን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ደግሞ የኛን ትላለህ።»

ጀላሉ ካሴቱን ሊያጠነጥን ሲያጎነብስ ዓይኑ እንባ ሞልቶ የማጫወቻው ቁልፍ አልታይ አለው። ታናሽየዋም እስከዚያች ሰዓት ትንፍሽ ሳይሉ ቆይተው አፋቸውን ከፈቱ።

«በሩን ግን ክፈቱት» አሉ። «ይሞቃል።»