ክዳን ላይ የጻፍኩት ስም

የሥራ ዘመኔ ሁለት ወር ነው፤ አትሳቁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከጤና ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ መንዝ ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ተልኬ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ደምሴ እኔን ሁለት ጊዜ የሚጠቀልል ጋዋን ሰጡኝና ከባክቴሪያዎቹ ጋር አስተዋወቁኝ። የሚያድጉት የበግ ደም በተቀላቀለበት ምግብ ላይ ነው። ወቅቱ የገና ጾም ነበር። እዚህ ቤት የሚገድፉት እነሱ ብቻ ናቸው አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከቁስል የተወሰደ ናሙና ይህ ምግብ ባለበት ባለ ክዳን ትንሽ ሳህን ላይ ይዘራና ያድራል። በማግስቱ የበቀለው ባክቴሪያ ሌላ ሳህን ላይ ይቀባል፤ በመድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። በሦስተኛው ቀን የሚሠራ መድኃኒት ካለ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይታያል፤ በማስመሪያ ይለካል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ከተላመደው ግን ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይበቅላል።

አባባ ሽፈራው ገብስ ሲያጭዱ ማጭድ እግራቸውን ቆርጧቸው ሆስፒታላችን ተኝተው ነበር። የተሰጣቸው መድኃኒት አልሠራም፤ እብጠቱ ወደ ጉልበታቸው እየወጣ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ለመቀየር ሳህን ይጠብቃል። የእኔን ሳህን!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአባባንና የአንዲት ሌላ ታካሚን ሳህን ከፍቼ፣ ክዳኖቹን አጠገቤ ደርድሬ፣ በኩራት ለካሁ። ልከድን ስል እጄ ቀጥ አለ። ስም የጻፍኩት ክዳኖቹ ላይ ብቻ ነው። የትኛው ሳህን የማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ሐኪሙ ያሰበው አዲስ መድኃኒት አንዱ ሳህን ላይ ሰፊ ቀለበት አለው፤ ሌላው ላይ ምንም። ሰፊው የአባባ ነው ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ምክንያቴ ስለምወዳቸው ነበር። ከዚያ ያ ጉልበት ትዝ አለኝና ሄጄ ለጋሽ ደምሴ ተናገርኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«የታመመው ክዳኑ ነው እንዴ?»

ናሙናው መጀመሪያ የተዘራባቸው ሳህኖች ላይ እሳቸው ስሙን ከሥር ጽፈው ስለነበር ባክቴሪያውን ከእነሱ ወስጄ እንደገና እንድሠራ አዘዙኝ። አንድ ቀን መዘግየቱን ለሐኪሙ እሳቸው ነገሩ፤ ለአባባ እኔ።

አባባ የክዳኑን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ቤታችሁ በግ አለ ወይ አሉኝ። ስድስት አለን አልኳቸው።

«በምን ትለዩዋቸዋላችሁ?»

«ጆሯቸው ላይ በምናደርገው ምልክት።»

«እኔማ ገመዳቸው ላይ መስሎኝ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ግን ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ለካሁ። የታሰበው መድኃኒት በአባባ ሳህን ላይ ቀለበት አልነበረውም። እዚያው ሳህን ላይ የነበረ ሌላ መድኃኒት ግን ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር ቀለበት ነበረው። እሱ ታዘዘላቸው።

ከሳምንት በኋላ በዱላ እየተመረኮዙ በራችን ላይ ብቅ አሉና ክዳኑ ተሻለው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ስም የሚጻፈው ከሳህኑ ሥር ነው። ክዳን ይቀያየራል።