የወንድሜ ስንደዶ

ስንደዶ ወረቀት ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ አለ። ሰሞኑን የወንድሜ የልጅ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ከመሶብ መስፊያዬ አንዲት ስንደዶ መዝዛ ፊደሉን እየነካች ስታነብ ያ ድምፅ ተመልሶ መጣና ዶሮ ማነቂያ የነበረው የልጅነት ቤታችን ከነጭቃ ምርጉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ አራዳ ከአንድ አርመን ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ የመኳንንት ካባና የወታደር እጀ ጠባብ ይሰፋ ነበር። ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ የበኩር ልጁ፣ እኔ ጋሼ የምለው ወንድሜ ወርቁ፣ መዝሙረ ዳዊትን ጨርሶ ያኔ አዲስ ወደተከፈተው ትምህርት ቤት እንዲገባና ጸሐፊ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር፤ ይህንንም ልብስ ሊለካ ለመጣ ሰው ሁሉ ሳያወራ አያሰናብትም።

በጋውን የኔታ ዘንድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠን እንማር ነበር፤ እኔም ጋሼን እየተከተልኩ ስሄድ የከለከለኝ አልነበረም። ጋሼ ፊደል ላይ ብዙ ተገርፏል። ፊደሉን ከተርታው አውጥተው ሲጠይቁት፣ በሹክሹክታ ከ«ሀ» ተነሥቶ እየቆጠረ ካልመጣ አይደርስበትም ነበር። ዳዊት ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ዳነ አሉ። አንድ ትልቅ ተማሪ እያነበበልን፣ እኛ ቃሉን በስንደዶ እየተከተልን እንደግም ስለነበር፣ አንዴ የሰማውን የማይረሳው ጋሼ ከሁላችን ቀደመ፤ ድምፁም ያማረ ነበርና ዐይናቸው የደከመው የኔታ እሱን መስማት ይወዱ ነበር። እኔ ከጎኑ ሆኜ የማየው ስንደዶውን ነው። ድምፁ መስመሩን ጨርሶ ሲወርድ ስንደዶው ገና መካከል ላይ ይሆናል፤ አንዳንዴም ቀድሞ ይሄድና ቆሞ ይጠብቀዋል።

ክረምት ሲገባ፣ የልጇ ነገር ጥርጣሬ ያልለቀቃት እናታችን ከአንድ ደብተራ ዘንድ አእምሮ ይከፍታል የሚባል መድኃኒት አምጥታ በማር ለውሳ አበላችው። መድኃኒቱ የተማሩት እንዳይረሳ ነበር፤ ጋሼ ደግሞ የሚረሳው ነገር አልነበረውም። ለቀናት ሲቀባዥር ሰነበተ፣ ሲቀባዥርም አንድ መዝሙር አልሳተም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አባታችን ራሱ የሰፋውን አዲስ ኮት አልብሶ፣ ዳዊቱን አስይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደው፤ እኔም እንደ ልማዴ ተከተልኩ። ተቀባዩ መምህር ዳዊቱን እንዲያነብ ሲያዙት እንደ ውኃ አወረደው፣ አባታችንም በሩ አጠገብ ቆሞ ፊቱ በራ። ቀጥሎ መቶ ሃያ አምስትን በፈረንጅ ቁጥር እንዲጽፍ አዘዙት። የኔታ ያስተማሩን የግዕዝ ቁጥር ነበርና ጋሼ መቶን፣ ሃያንና አምስትን አከታትሎ 100205 ብሎ ደረደራቸው፤ መምህሩ ይህ የሁሉም ልጅ ስሕተት ነው፣ በትምህርት ይታረማል ብለው አለፉት። መጨረሻ ላይ ጋዜጣ ሰጡት። ጋሼ ስንደዶውን ከኪሱ አውጥቶ መስመሩ መጀመሪያ ላይ አኖረውና ጠበቀ።

«ይህን ገና አልሰማሁትም» አለ።

መምህሩ የታዘዝከው እንድታነብ እንጂ እንድትሰማ አይደለም አሉት። ማንበብ ሌላ ነገር መሆኑን ጋሼ ያን ቀን ያወቀ ይመስለኛል። ስንደዶው ከእጁ ወደቀ፣ እኔ አነሣሁት፤ መምህሩም ዓመት ቆይቶ ይምጣ ብለው መለሱን።

ስንመለስ አባታችን ከፊት ከፊታችን ሄደ። ጊዮርጊስ ደጃፍ ስንደርስ ቆሞ ተሳለመና ወደ ጋሼ ዞረ።

«መጽሐፉን ስጠኝ፣ እኔ ልያዘው። አንተ የዛሬውን መዝሙር ድገምልኝ።»

ጋሼ የሚያለቅሰውን አልቅሶ ሲጨርስ ጀመረ። ማንበብ የማይችለው አባት መጽሐፉን ይዞ፣ ማንበብ የማይችለው ልጅ እየደገመለት ቁልቁል ወረዱ፤ ማንበብ የምችለው እኔ ስንደዶውን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። እኔን አንብቢ ያለኝ አልነበረም።

ጋሼ በዓመቱም አልተመለሰም፤ ልብስ ሰፊ ሆነ፣ ጥሩ ልብስ ሰፊ። አባታችን ግን ጥፋቱን ከራሱ ላይ አላነሣም። ጋሼ በተወለደበት ሰሞን፣ ሥራ በማይሠራበት በዓመታዊው የሚካኤል በዓል ቀን ለአንድ ችኩል ባላባት ካባ ቆርጦ ነበርና የልጄ ዐይን የታሰረው በእኔ ኃጢአት ነው ይላት ነበር፣ እናታችንን። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ያን ዕለት ጧፍ ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ውሎ ይመጣ ነበር።

የጋሼ የልጅ ልጅም እንደ እሱ ናት። ልዩነቱ፣ የእሷ ስንደዶ ይቀድምና ድምፅዋ ቀስ እያለ ይከተለዋል። አስተማሪዋ እናቷን አስጠርታ ችግሩ ስም እንዳለው፣ ስንፍናም እርግማንም እንዳልሆነ ነግራታለች፤ ከሰዓት በኋላ ለብቻዋ ታስጠናታለች። ይህን ሄጄ ለጋሼ ነገርኩት። አርጅቷል፣ ጆሮው ግን እንደ ድሮው ነው። የችግሩን ስም አንድ ጊዜ አስደገመኝና ያዘው።

«በማንም ኃጢአት አይደለም አለች?» አለኝ።

አይደለም ብላለች አልኩት።

«አባባ ይህን ሳይሰማ ሄደ» አለ።