ፀሐይ ላይ የተሰጡት ቺፖች

በዚያ ሐሙስ በጆሃንስበርጉ ወርክሾፕ የነበርነው አራት ነን፦ ባለቤቱ ሚስተር ኮሊን፣ ከሆሳዕና የመጣው ሳሙኤል፣ ቴፒ ያደገችው ጥሩነሽ እና እኔ።

ሚዛን ተፈሪን የለቀቅሁት ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በአንድ ማለዳ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ባለቤቴን ቀበርሁ፤ ከዚያም ልጄ ወዳለችበት አገር ተሳፈርሁ። አውቶቡሱ ሲነሣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። እዚህ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ተቆጥቶ መጥቶ ወዲያው ይሄዳል፤ የእኛው ግን መጥቶ የሚሰነብት ዘመድ ነው።

ሥራችን ከተዘጉ ቁማር ቤቶች የተገዙ ያገለገሉ ቺፖችን ማደስ ነበር። ቁማርተኞች በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዟቸው፣ ሸክላ የሚመስሉ ግን ሙቀት የሚያለዝባቸው ክብ ነገሮች ናቸው፤ ጠርዛቸው በብዙ ሰው የእጅ ወዝ ጠቁሯል። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባሉ፤ ጥላ ውስጥ ከደረቁ በኋላ በጨርቅ ጫፍ ስስ ዘይት ይቀባሉ፤ ያን ጊዜ የደበዘዘው ቀይ ይመለሳል። ጥሩነሽ ቡና ስትለቅም ያደገች ናት፤ አንዷን ቺፕ በሁለት ጣቶቿ አሽከርክራ የተሸረፈችውን ሳታይ ታውቃታለች። እንዲህ ያለ አዋቂ እጅ በመምህራን መካከል አላየሁም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የታጠበ ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ እያየሁ ስላረጀሁ፣ ጓሮ ውስጥ የሽቦ ወንፊት በበርሜሎች ላይ ዘርግቼ ቺፖቹን እንደ ታጠበ ቡና አሰጣኋቸው። በየሰዓቱም አገላበጥኋቸው። ከሰዓት በኋላ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ተቆልምመው አገኘኋቸው።

ሚስተር ኮሊን አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ነካው፤ ተወዛወዘ።

«ቢልቶንግ እንድታደርቁልኝ ነው የቀጠርኋችሁ?» አለ። ቢልቶንግ የእነሱ ቋንጣ ነው። «ያሰጣው ሰው ዛሬውኑ ይሰናበታል። ማነው?»

ሰኞ የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ የእሱ የሥራ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ጥሩነሽ። «ቴፒ እንዲህ ነው የምናደርቀው።»

«ቴፒ ቁማር ቤት አለ?»

«የለም። ለዚህ እኮ ነው የተሳሳትሁት።»

ሳሙኤል ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እሷ ግን ወዲያው አልወጣችም። ቺፖቹን ሞቅ ባለ ውሃ ነከረች፤ በሁለት ወፍራም መስታወቶች መካከል ደረደረች፤ ከላይ የሳሙኤልን የመፍቻ ሣጥን ጫነችባቸው። ሲቀዘቅዙ ቀጥ ብለው ተኙ። ሚስተር ኮሊን አንዱን ነክቶ አልወዛወዝ ሲለው «ጥሩ ሥራ ነው» አለ፤ ውሳኔውን ግን አላነሣም።

በሩ ላይ ደረስሁባት።

«ጥሩነሽ፣ ይህን ማድረግ አልነበረብሽም።»

«ዝም ይበሉ መምህር። እኔ የመኖሪያ ወረቀት አለኝ፤ ሌላ ቦታ እቀጠራለሁ። እርስዎን በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራል?» ብላ ሳቀች። «ዘይቱን ደግሞ አያብዙት። ቺፕ ነው፤ ቅቤ የሚቀባ ራስ አይደለም።»

ደብዳቤው ዓርብ ተፈረመ፤ ፈቃዴም ታደሰ። እውነቱን ለሚስተር ኮሊን አልነገርሁትም። ቴፒ ያሉ ዘመዶቿ ግን ልጃቸው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ይወቁ ብዬ ይህን ጻፍሁ። በዚያ ዓርብ ጠዋት ወርክሾፑ ሲከፈት ሦስት ነበርን።