ጉንጬ ያወጣው ምሥጢር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ ግን መድኃኒቱን አግኝቼ በሽታውን የደበቅሁ ሰው ነኝ። ያውም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ።

ነገሩ የታወቀው ሰቆጣ፣ እናቴ ቤት ነው። እናቴ ለደብሩ ጧፍ ትሠራ ነበር፤ ሰሙን አቅልጣ ፈትሉን ትነክራለች፣ እኔ ጫፉን ይዤ እዘረጋላታለሁ። አንድ ቅዳሜ ትኩስ ሰም እጄ ላይ ፈሰሰ። እኔ ወሬዬን ቀጠልሁ። ቀና ብላ አይታኝ፣ «አላቃጠለህም?» ያለችኝ እሷ ናት። እጄን ሳይ ሰሙ ቆዳዬ ላይ ረግቷል፤ ምንም አልተሰማኝም ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በኽምጣና አንድ ነገር አጉተመተመች፤ ሲጨንቃት ከአማርኛው ወደዚያ ትሸሻለች። ጉንጬ ላይ ያለችውን ደብዘዝ ያለች ምልክትም ያን ጊዜ ነው ልብ ያልናት። ቋቁቻ ናት ብለን ንቀናት ከርመን ነበር።

ሥጋ ደዌ ነበር። ዛሬም ይህን ቃል ስጽፍ አፍራለሁ። እኛ አገር ይህ በሽታ የአንድ ሰው አይደለም፣ የዘር ነው ይባላል፤ ጋብቻ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጣራውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ከሰቆጣ ዙሪያ የአንድ ካህን ልጅ ታናሽ እህቴን ሊያገባ አስቦ ነበር። እሷም ወዳዋለች። ወሬው ከወጣ ትዳሯ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ እዚሁ አጠገቤ መታከም እየቻልሁ በየወሩ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወልድያ ድረስ እሄድ ነበር። ለባልደረቦቼ ስልጠና አለብኝ እላለሁ። መድኃኒቱ ቆዳ ያጠቁራል፤ «ስልጠናው ፀሐይ ላይ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። የገዛ ሳቄ ያስጠላኝ ነበር።

መድኃኒቱን በጀመርሁበት ክረምት፣ እንደ ልማዴ ዲግሪዬን ልማር ዩኒቨርሲቲ ወረድሁ። የዚህ በሽታ ባክቴሪያ ሰም መሰል ስብ የለበሰ መሆኑን አውቅ ነበር። ለተማሪዎቼ ከመጽሐፉ የማስተምረው ግን የፕሮቲኑን ብቻ ነው፤ ጠባቂ ሴሎች ጀርሙን ውጠው ይፈጩታል፣ የፕሮቲኑን ቁራጭ በገላቸው ላይ አውጥተው ለቲ ሴሎች ያሳያሉ፣ ቲ ሴሎችም ባዕድ መሆኑን ለይተው ይዘምቱበታል። ያን ክረምት መምህራችን ስቡም ለቲ ሴሎች እንደሚታይ ነገረን። ጠባቂ ሴሎቹ ላይ ለስብ የተለየ መያዣ አለ፣ ሲዲ ዋን የሚሉት፣ ጠለቅ ያለ ኪስ ያለው። የስቡ ረጅም ጭራ ኪሱ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ብቻ ውጭ ይቀራል፤ ቢላዋ አፎቱ ውስጥ ገብቶ እጀታው እንደሚታየው። ቲ ሴሉ የሚዳስሰው ያችን ጫፍ ነው። ሌላው ሰው እጁን እያወጣ ይጠይቃል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ የሚያወራው ስለ ጉንጬ ይመስለኝ ነበር።

እህቴን የሚጠይቁት ሽማግሌዎች ሊመጡ ሳምንት ሲቀር ጉንጬ ተነሣ። ያች ደብዛዛ ምልክት ቀልታ አበጠች፤ ማንም ሩቅ ሆኖ የሚያያት ሆነች። መድኃኒቱ ጎዳኝ ብዬ የሚያክሙኝን ልጣላ ወልድያ ሮጥሁ። ነርሷ ፊቴን አገላብጣ አየችና፣ «መድኃኒቱ ጎድቶዎት አይደለም መምህር። ሰውነትዎ ጀርሙን ገና አሁን አወቀው፤ ቁጣው ነው ያሳበጠዎት። ነርቭዎ እንዳይጎዳ ሌላ ክኒን እንጨምርልዎታለን» አለችኝ።

ገባኝ። ተኝተው የኖሩት ቲ ሴሎቼ ነቅተው ዘምተዋል፤ ከመካከላቸው ስቡን የለዩም ይኖራሉ። ለተማሪዎቼ ብተርከው ደስ የሚል ታሪክ ነበር። እኔ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ፣ «ስንት ዓመት የተኛችሁት ምነው አንድ ሳምንት ብትታገሡኝ!» እያልሁ ከገዛ ሰውነቴ ጋር ስጣላ መጣሁ።

አባታችን ስላረፈ ሽማግሌ ተቀባዩ እኔ መሆን ነበረብኝ። በቀኑ ግን ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ተቀመጥሁ። እናቴ፣ «ዓይኑን አሞታል፤ ብርሃን አይችልም» አለችልኝ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ቄስ ነበሩ።

«ቅር አይበልዎት» አሏት። «የመምህሩ ፊት አበጠ ሲሉ ገበያ ላይ ሰማን። ዘመድ ልንሆን ነውና መጠየቅ ደግ ነው። የዘር ነገር ይሆን?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ውሸት አይሆንላትም፤ የዓይኑንም ውሸት ያሸከምኋት እኔ ነኝ። ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። በዘር እንደማይሄድ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። ግን መጋረጃውን ጨብጬ ቀረሁ።

እህቴ ከማድቤት ገባች። ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅቱ ገብታ አትናገርም፤ እሷ ግን ገባች።

«ሥጋ ደዌ ነው» አለች። «ከጀርም ነው የሚመጣው። መድኃኒት ላይ ነው፤ ይድናል። በዘር አይሄድም። ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እግዜር ይማረው። እንግዲህ ከቤተ ሰብ ጋር እንመካከርበት» አሉ። የተቀዳላቸውን ጠላ ሳይነኩ ተነሡ። እንዲህ ያለው ምክክር መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ተመልሰውም አልመጡ።

ሲሄዱ እህቴ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። «ምን አሉ?» አልኋት።

ከእነሱ የለየኝ አንድ ጨርቅ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ መስማቴንም ታውቃለች። ቢሆንም አጠገቤ ተቀምጣ፣ ምንም ላልሰማ ሰው እንደሚነገር፣ እነሱ ያሉትን ከመጀመሪያው ጀምራ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ራሷ ያለችውን ግን ዘለለችው።