የእትዬ ሦስቴ ቸርኬ

ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ አልቆ ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ብቻ በሚቀርበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ከተማ የምላት ለክብሯ ብዬ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ትምህርት ቤትና ከሕዝቧ ቁጥር የሚበልጥ ወሬ ነው ያላት። እኔ በከባድ መኪና ጭነት ይዤ በወር ሁለት ጊዜ እመላለስባታለሁ። የማድረው አክስቴ ቤት ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሷ ነው። ብትሰማ «ሥራ ፈታህ እንዴ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቁመቷ አጠር፣ ንግግሯ ቆጠብ ያለ ነው። ቤቷ መንገዱ የሚያልቅበት፣ ውኃው አፍ ላይ ነው። የእግር መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ ግማሹ የተሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗ መርፌው ላይ አንድ ዓይኗ ሐይቁ ላይ ሆኖ ትውላለች። አንድም ቀን ጣቷን ስትወጋ አላየሁም። ደንበኛ ሲከራከራት «እሺ» ትላለች፤ ከዚያ ራሷ ያሰበችውን ትሰፋለች። ደንበኛው ለብሶት ሲያየው አመስግኖ ይሄዳል።

ከበሯ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ የከባድ መኪና ቸርኬ በሰንሰለት ተሰቅሏል። ከጎኑ ክንድ የሚያህል ፌሮ ተንጠልጥሏል። ምን እንደሚሠሩ ለመረዳት የዚያን አገር ጭጋግ ማየት ያስፈልጋል። ቀጠሮ የለውም። ከውኃው ላይ ብድግ ይልና ሻይህን ጠጥተህ ሳትጨርስ ዛፉንም፣ መኪናህንም፣ የቆምክበትን መሬትም ይወስደዋል። ከዚህ ዳር ወደ ማዶው መንደር ሰው የምታመላልስ አንዲት የሞተር ጀልባ አለች። ከማረፊያዋ በስተግራ ደግሞ ሰዎቹ «ጥርሱ» የሚሉት፣ ከውኃው ብቅ ያለ የድንጋይ ረድፍ አለ። በጭጋግ አቅጣጫ የሳተች ጀልባ ማዕበሉ የሚገፋት ወደዚያ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲቷን ሰባብሯት ሦስት ሰው ውኃ ውስጥ ቀርቷል።

ስለዚህ ጭጋግ ሲወርድ አክስቴ ስፌቷን ትታ ትወጣለች። ቸርኬውን ሦስት ጊዜ ትመታዋለች። ከዚያ ዝም ብላ እስከ አርባ ትቆጥራለች። እንደገና ሦስት ጊዜ፣ እንደገና ዝምታ፤ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ወይም ውኃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪገባ ድረስ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። ከልጅ እስከ ሽማግሌ «እትዬ ሦስቴ» የሚላትም ለዚህ ነው። ማንም አልቀጠራትም። «ለምን አንቺ ሆንሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። እኔ ትልቅ ታሪክ ስጠብቅ፣ «ቤቴ ቅርብ ነዋ!» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ላሳርፋት ብዬ ፌሮውን ተቀብያት ቸርኬውን እንደ ጠላቴ ቀጠቀጥኩት። እጄን ያዘችኝ።

«መምታትማ ማንም ይመታል» አለች። «ሙያው ዝም ማለቱ ላይ ነው። ባለ ጀልባው እኮ ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚያዳምጠው። ድምፁ ከተደራረበበት ከዳሩ በላይ ያለው ገደልም እየተቀበለ ይጮኽበታል፤ ከየት እንደመጣ በምን ይለየዋል? ሰምቶ፣ ድምፁ ቆሞለት፣ አስቦ ነው የሚያዞረው።»

እሺ አልኳት። ገብቶኝ ነበር? አልገባኝም፤ በኋላ እንደሚታየው ደንቆሮ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የአክስቴ አንድ ልጅ፣ እንደ እህቴ የማያት፣ ማዶ መንደር ነርስ ናት። የዚያን ቀን ለእረፍት ልትመጣ ነበር። «ተነሥተናል፣ ሃያ ሦስት ሰው ነን» ብላ ደወለች። ስልኩ ከተዘጋ ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ጭጋጉ ወረደ።

አክስቴ መቀሷን አስቀመጠች፣ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፣ ወጣች።  

ሦስት ጊዜ መታች። አርባ ቆጠረች። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ከተማው ነቅሎ መጣ። ጀልባዋ ላይ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ሚስቱ ያለችበት፣ ልጁ ያለበት፣ አማቱ ያለችበት። ባዶ እጁን የመጣ ግን የለም። አንዱ የድስት ክዳን፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጀሪካን ይዟል። ብረት በያጁ መዶሻውን ይዞ፣ መኪናዬን ካቆምኩበት አጠገብ ያለውን የራሱን የብረት በር ተያያዘው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወሉን አስነሣው። እኔስ ምን ቀረኝ? መኪናዬ ላይ ወጥቼ ክላክሱን ተጫንኩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! ተረቱ ግን ለሎሚ ነው እንጂ ለቸርኬ እንደማይሠራ ማናችንም አላሰብንም። ሁለት መቶ ሰው ከፍቅሩ ብዛት ጀልባዋን እያደነቆራት ነበር።

አክስቴ ከጩኸቱ ሥር የሞተሩን ድምፅ ለይታ ሰምታው ነበር። ወደ ግራ፣ ወደ ጥርሱ እየሄደ ነበር። እጇን አወናጨፈች፤ በጭጋጉ ማን ያያታል? «ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። ጮኻ የማታውቅ ሴት ምን ድምፅ ይኖራታል፤ አጠገቧ ካለው ሰው አላለፈም። ወደ እኔ ሮጣ መጥታ በመስኮቱ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«አጥፋው፣ የኔ ልጅ፣ አጥፋው!»

«ቆይ አክስቴ፣ እየረዳንሽ እኮ ነው!» አልኳት። ይህን ቃል ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

አየችኝ። ከዚያ ተመልሳ ሄደች። ፌሮውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

መጀመሪያ ያየቻት የባለ ጀልባው ሚስት ናት። የያዘችው ክዳን ከእጇ ወደቀ። «እትዬ ሦስቴ ተቀመጠች» አለች ለጎረቤቷ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በጭጋግ ቀን ስትቀመጥ ያያት ሰው የለም። ሰዉ የመሰለው አንድ ነገር ነው፤ አበቃለት፣ ሰምታ ነው፣ ጀልባዋ ሄዳለች። ወሬው ከሰው ወደ ሰው ተላለፈና እጅ ሁሉ በያለበት ቀረ። የቆርቆሮው ድምፅ ቆመ፣ መዶሻው ቆመ፣ ደወሉም ቆመ። እኔም ጣቴን ከክላክሱ ላይ አነሣሁ። አንዲት ሴት እሪ ልትል አፏን ስትከፍት ሌላዋ በመዳፏ አፈነቻት።

ከዚያ የመጣውን ዝምታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሁለት መቶ ሰው ቆሞ የውኃ ጠብታ ከቅጠል ላይ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ብዙ አገር ዞሬያለሁ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ፈራሁ።

አክስቴ ተነሣች። ፌሮውን አነሣች። ሦስት ጊዜ መታች።

የተቀመጠችው እኛን ዝም ለማሰኘት እንደሆነ ሁላችንም የገባን ያን ጊዜ ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከአጠገቤ የቆመው በያጅ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት እያለ ነው። ቀና ስል ሁሉም ሰው እየቆጠረ ነው። አሮጊቶቹም፣ ዘበኛውም። አርባ ላይ ስንደርስ እሷ እንደገና ሦስት መታች። አራተኛው ዙር ላይ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተነሣ፣ ድምፁም ከግራ ወደ መሐል ዞረ። እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ የጀልባዋ አፍንጫ ጭጋጉን ቀዶ ብቅ አለ።

ባለ ጀልባው ገመዱን ሲወረውር ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ጩኸቱ ከአራቱም ማዕዘን ነበር የሚመጣው» አለ። «ጥርሱን በመቅዘፊያዬ ነካሁት፣ ወንድሞቼ! ከዚያ ድንገት ጭር አለ። ሰው ሁሉ ‹ተስፋ ቆረጡብን› ብሎ ማልቀስ ሲጀምር ይቺ ልጅ ‹ዝም በሉ፣ እናቴ ዝም ካለች ልትመታ ነው› አለች።»

ከዚያማ ዳሩ ተደበላለቀ፤ መሳም፣ ማልቀስ፣ መሳቅ። የአክስቴ ልጅ ቦርሳዋን ጥላ ወደ ዛፉ ሮጠች። አክስቴ ግን መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻት። ዞራም ቸርኬውን ሦስት ጊዜ መታች።

«አክስቴ!» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። «ልጅሽ እኮ ናት! ገቡ እኮ፣ ሃያ ሦስቱም ገቡ!»

«አንድ ሰው ቀርቷል» አለች።

«ማን?»

«ዓሣ አጥማጁ። ማለዳ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ አልተመለሰም።»

እርስ በርሳችን ተያየን። ዓሣ አጥማጁን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በአንዲት ክፍል ብቻውን የሚኖር፣ ሰላምታ የማይሰጥ፣ ቢሰጡትም የማይመልስ ሰው ነው። «ኩርፊያ» እንለዋለን። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ወንድም የለው። ከዚያ ሁሉ ድስትና ቆርቆሮ አንዱም ለእሱ ተብሎ አልወጣም ነበር። ባለ ጀልባው ባርኔጣውን አወለቀ።

ጭጋጉ አልሳሳም። አንድ ሰው እንኳ ወደ ቤቱ አልሄደም። ከጀልባዋ የወረዱትም ልብሳቸው እንደረጠበ ቆሙ። አንድ ሰዓት ያህል ቸርኬው ሦስት ይላል፣ እኛ አርባ እንቆጥራለን። የአክስቴ ክንድ ሲዝል ልጇ ፌሮውን ከእጇ ወሰደችና እሷ መታች። አልተሳሳተችም።

በመጨረሻ የመቅዘፊያ ድምፅ ተሰማ። ትንሿ ጀልባ ወጣች፤ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ እየቀዘፈ ነበር። ጀልባዋ ዳሩን ስትነካ ዞር አለ። ዳሩን የሞላውን ሕዝብ፣ ጸጥ ብሎ እሱን የሚያየውን ሕዝብ ሲያይ ክው አለ።

«ምነው?» አለ በደረቀ ድምፅ። «ማን ሞተ?»

 አክስቴ ናት የመለሰችው።

«ማንም አልሞተም። አንተን እየጠበቅን ነው።»

ሰውየው መቅዘፊያውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ። ትከሻው ሲርገፈገፍ ይታይ ነበር፤ ማንም ውረድ ብሎ አላጣደፈውም። አክስቴ ፌሮውን ቦታው ላይ ሰቀለችና ልጇን አቀፈቻት።