እህቴ ያስተማረችኝ አጠናን

እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ያደግነው እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ጎረቤት በጎረቤት ላይ በተደራረበበት ግቢ ውስጥ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ቴሌቪዥን ይጮኻል፤ ደጃፋችን ላይ ሴቶች ልብስ እያጠቡ ይሳሳቃሉ። እሷ መጽሐፍ ከገለጠች ይህ ሁሉ አይሰማትም፤ እኔ ዝንብ ስትበር አብሬ እበራለሁ።

«አንቺ እኮ ታነቢያለሽ እንጂ አታጠኚም» አለችኝ አንድ ቀን።

ስልኬን ተቀብላ ለእናታችን ሰጠቻት። አንድ ገጽ አስነበበችኝና መጽሐፉን ከደነችው። «በይ አሁን ንገሪኝ። ምንም እንደማላውቅ አድርገሽ አስረጂኝ።» የተደናቀፍኩበትን ብቻ መልሼ እንዳነብ አደረገችኝ። ሲደክመን እስከ አፍንጮ በር በእግራችን ደርሰን እንመለሳለን። ቅዳሜ ጠዋት ጊዮርጊስ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠን እንጠያየቃለን። ማሰብ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት በር ላይ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ወደቀች። እጅና እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው ከበበን፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ። እኔ ራሷ ድንጋዩን እንዳይመታ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ማንም እንዳያያት በሹራቤ ልሸፍናት እሞክር ነበር።

ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው አለ። ጠዋትና ማታ የምትወስደው መድኃኒት ሰጣትና፣ በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ አጥብቆ ነገራት። መውደቁ ቆመ። ግን እህቴ ፈዘዘች። አንድ ገጽ አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ከድኜ «በይ ንገሪኝ» ስላት መልሳ ትገልጠዋለች።

«ጭንቅላቴ ውስጥ ጥጥ የጠቀጠቁበት ይመስለኛል» አለችኝ። «አነበዋለሁ፤ ግን አይቀመጥም።»

እናቴ ለሐኪሙ ነገረችው። «ሰውነቷ እስኪለምደው ነው» አላት። «ካልተሻላት በሚቀጥለው ቀጠሮ እንቀይርላታለን፤ አይጨነቁ።» ቀጠሮው ከመልቀቂያ ፈተናዋ በኋላ ነበር።

ከዚያ በድንገት ነቃች። ወሬዋ ፈጠነ፣ ቀልዷ ተመለሰ፤ የፊዚክስ ጥያቄ በቃሏ እየሠራች እኔን ታርመኝ ጀመር። «አየሽ፣ መጣሁ» አለችኝ እየሳቀች። እናቴ ለጊዮርጊስ የተሳለችውን ጃንጥላ አስገባች። ሁላችንም መድኃኒቱን ለመደችው ብለን አመንን።

ፈተናው ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ጎረቤቶች በራችን ላይ ቆመው አገኘሁ። እህቴ መሬት ላይ ነበረች። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው ይመጣል። ታክሲ ውስጥ አስገብተን ሆስፒታል አደረስናት።

«መድኃኒቷን በትክክል ስትወስድ ነበር?» ብሎ ጠየቀ ሐኪሙ።

«አዎ» አለች እናቴ። «ውኃውን በእጄ የማቀብላት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ አረፈች። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ፍራሿን ፀሐይ ላይ ልናወጣ ስናነሳ፣ ከሥሩ በመሐረብ የተጠቀለሉ ክኒኖች ወደቁ። አፏ ውስጥ ይዛ ቆይታ ትተፋቸው ኖሯል። እናቴ አንድ በአንድ ከወለሉ ለቅማ መሐረቡን ቋጠረችው። አላለቀሰችም። «ለትምህርት ብላ» አለች ብቻ፤ ድምጿ የእሷ አይመስልም ነበር።

የእኔ የፈተና ተራ ሲደርስ ማጥናት አቃተኝ። ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፤ ልቤ የለም። እናቴ ይህን አይታ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ትምህርቱን አላውቀውም» አለች፤ «ግን ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ።» እየቆራረጥኩ ነገርኳት። ሳልጨርስ ብትነሳ ኖሮ ዳግም መጽሐፍ የምነካ አይመስለኝም። አልተነሳችም።

አለፍኩ። ውጤቱን ሳነብላት «ጎበዝ፣ እግዜር ይመስገን» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ጎረቤቶች እንኳን ደስ አለሽ ሊሉ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው። ሁሉም እህቴን ያውቃታልና፣ እናትሽ የት አለች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።