ካፒቴን ዘለቀን ከውሃ የጎተትኩት እኔ ነኝ

ማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይታወቅ። ሰይድ እባላለሁ። ከአትላስ እስከ ሰሚት፣ ከቦሌ እስከ አራብሳ ባሉ ሆቴሎችና ሕንፃዎች ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አለ የሚል ካለ ስሙን ይንገረኝ፤ ምናልባት እኔ ያስተማርኩት ይሆናል። ትምህርት ቤት ደጃፍ የቆምኩት ልጆቼን ለማድረስ ብቻ ነው። ማንበብን በራሴ ተማርኩ፣ ዋናን በራሴ ተማርኩ፣ የኮምፕረሰር ሞተር ፈትቶ መግጠምንም በራሴ ተማርኩ። ዛሬ ዲግሪ የያዙ መሐንዲሶች ደውለው «ጋሽ ሰይድ፣ እስኪ መጥተው ይዩልን» ይሉኛል። እሄዳለሁ፣ አያለሁ፣ እነግራቸዋለሁ።

ሥራዬ ጠላቂነት ነው። ባሕር በሌለበት ከተማ ጠላቂ ምን ይሠራል ለምትሉ፣ መልሱ አጭር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ሆቴል የምድር ቤት ታንከሩን ደፍቶ ማጠብ አይችልም። የደፋውን መቼ መልሶ እንደሚያገኝ አያውቅምና። ስለዚህ ታንከሩ እንደሞላ ሰው ይገባል፤ ከሥሩ የተኛውን ደለል በፓምፕ ይመጥጣል፣ የተሰነጠቀውን ይደፍናል፣ የተዘጋውን ይከፍታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። አትላስ አካባቢ በአንድ ሆቴል ጥበቃ ነበርኩ። የመዋኛ ገንዳው መውረጃ በፎጣ ተደፍኖ ሠራተኛው ሁሉ ከዳር ቆሞ ጠላቂ እስኪመጣ ይጠብቃል። ኮፍያዬን አስቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ፎጣውን ይዤ ወጣሁ። ቀና ስል አንድ ረጅም ሽማግሌ ከባድ ቦርሳ በትከሻቸው አንጠልጥለው ይመለከቱኛል። የተጠሩት ጠላቂ እሳቸው ነበሩ።

«ያወጣኸው ፎጣ መስሎሃል?» አሉኝ። «የእኔን እንጀራ ነው ያወጣኸው።»

ፎጣውን ጨምቄ ከዳር አስቀመጥኩት።

«ዋና የት ተማርክ?»

«ሐይቅ። ወሎ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል። እንደ ዳክዬ ነው የምትንፈራገጠው። ነገ ጠዋት ቤቴ ና።»

ካፒቴን ዘለቀ ነበሩ። የዕድሜ እኩዮቼ ያውቋቸዋል። ቀይ ባሕር ሥር ካሜራ ይዘው ገብተው ያነሱት ፊልም የታየ ጊዜ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ቤት ተሰብስቦ ነበር። ደገኛው ሕዝብ ዓሣ እንደ ወፍ በመንጋ እንደሚሄድ ያየው በእሳቸው ዓይን ነው። ኋላ ባሕሩ ከእጃችን ሲወጣ እሳቸው ቦሌ ቀሩ፤ የቀይ ባሕሩ ሰው የሆቴል ታንከር አጣቢ ሆኑ። አፍረውበት አያውቁም። «ውሃ ውሃ ነው፤ ሰው የሚሞተው በጨዋማው ብቻ አይደለም» ይሉ ነበር።

በማግስቱ መነጽርና የትንፋሽ ቱቦ ይሰጡኛል ብዬ ሄድኩ። የሰጡኝ ገመድ ነው። የገመዱን ጫፍ በግንቡ ቀዳዳ ወደ ጓሮ አሾልከው ከውሻቸው ቀበቶ ጋር አሰሩት። ውሻው ቡቺ ይባላል። እኔን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

«ቡቺ ምን እያደረገ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አላየው።»

«ዓይንህን አልቀጠርኩትም። እጅህን ነው የቀጠርኩት።»

ለወራት ቡቺን ጠበቅኩ። ሲተኛ፣ ሲያክክ፣ አጥንት ሲግጥ፣ ድመት አይቶ ሲያደባ በገመዱ ለየሁ። የሰፈሩ ሰው አበድኩ ብሎ ነበር። አንድ ቀን «ካፒቴን፣ ቡቺ ታሟል» አልኳቸው። ሄደው ሲያዩት እውነትም ታሟል። ከዚያ በኋላ ታንከር አፍ ላይ አቆሙኝ።

ደንቡን ለማያውቁ ልንገር። ጠላቂው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ገመድ ያዡ ጫፉን ይዞ ከታንከሩ አፍ ይቆማል። ገመድ ያዡ አንድ ጊዜ ከሳበ «ደህና ነህ?» ማለቱ ነው። ጠላቂው መልሶ አንድ ጊዜ ከሳበ «ደህና ነኝ» ነው፣ ሁለት ጊዜ «ልቀቅልኝ»፣ አራት ጊዜ «አውጡኝ»። ይህን ማንም ይሸመድደዋል። የካፒቴን ደንብ ከዚህ ያልፋል።

«ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ራሱ አያውቅም» ይሉ ነበር። «ሊሞት ሲል እንኳ ደህና ነኝ ይልሃል። የዘገየ መልስ መልስ አይደለም። ከዘገየ አውጣው፤ አትጠይቀው። እኔም ብሆን።»

ካፒቴን ቅዱስ አልነበሩም፤ ይህንንም ከእሳቸው አፍ የሰማሁት እኔ ነኝ። ለዚያ ዝነኛ ፊልም ዓሣው እንዲወጣ ድማሚት ጥለዋል። ምሳ እየበላን ነገሩኝ። «የምናየውን ለማየት የምናየውን አፈረስን» አሉና ጉርሻውን ሳይጨርሱ እጃቸውን ታጠቡ። የገመዱን ደንብ ያስተማሯቸውም የዳህላክ ዕንቁ አውጪዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች ካፒቴን ከመወለዳቸው በፊት ሲጠልቁ የኖሩ ናቸው። በፊልሙ ላይ ግን የመጀመሪያው ጠላቂ ዘለቀ ይባላል፤ የእነሱ ስም የለም።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

አንድ ባለሀብት አዲስ ሆቴል ከፈተ። ታንከሩን ዝነኛው ካፒቴን ሲያጸዱ በቴሌቪዥን እንዲታይለት ፈለገና ካሜራ አስመጣ። ካፒቴን ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ዋናው ጠላቂ ከሆንኩ ቆይቻለሁ።

«ዛሬ እኔ ልግባ፤ እርስዎ ላይ ሆነው ያስረዷቸው» አልኩ።

«ካሜራው የመጣው አንተን ለማየት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ገመዱን ያዝ።»

ገቡ። ለጠላቂው በቱቦ የሚተነፍሰውን አየር የሚልከውን ኮምፕረሰር ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ብዬ ከምድር ቤቱ መውጫ አፍ ላይ አቁሜዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ። የእኛ ኮምፕረሰር በቤንዚን ስለሚሠራ አልቆመም። የሆቴሉ ጄኔሬተር ተነሳ፤ መብራቱ መጣ፤ ሁሉም «እሰይ» ብሎ ወደ ቀረጻው ተመለሰ። የጄኔሬተሩ ጭስ መውጫ የት እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም። እጄ ላይ ያለውን ግን አወቅኩ። የሚሠራ ሰው ገመድ ምት አለው፤ የእሳቸው ምት ጠፋ። አንድ ጊዜ ሳብኩ። «ደህና ነኝ» መጣ፤ ግን ዘገየ። ደግሜ ሳብኩ። መጣ፤ ይባስ ዘገየ።

ካሜራ የያዘውን «ዞር በል» አልኩት።

«ምን ሆነ? ጠሩህ?» አለ ባለሆቴሉ።

«አልጠሩኝም።»

«ታዲያ ተው እንጂ፣ ቀረጻ ላይ ነን።»

ጎተትኩ። እሳቸው ሁለት ጊዜ ሳቡ፤ ልቀቅልኝ ነው። አለቀቅኩም። መሰላሉን ጨብጠው ታገሉኝ። እግሬን ግንቡ ላይ ተክዬ እንደ በግ ጎትቼ ከታንከሩ አፍ አወጣኋቸው። መነጽራቸው ወደ ጆሯቸው ዞሯል። «ማን ጎትት አለህ? አንተ ማነህ?» ብለው ጮኹብኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው አስመለሱ። ሊያዩ የወረዱት የወጥ ቤት ሠራተኞች ሳቁ። ካሜራው ሁሉንም ያዘ።

እኔ የጄኔሬተሩ ጭስ በኮምፕረሰሩ ገብቶ መርዟቸዋል እላለሁ። ባለሆቴሉ «ዕድሜ ነው፤ ፈሩ» አለ። አየሩን የለካ የለም፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስል እሳቸው እምቢ አሉ። ለሁለት ቀን ራሳቸውን ይዘው ተኙ።

ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። «የቀይ ባሕሩ አንበሳ ታንከር ውስጥ ፈርቶ ተጎተተ» አሉት። አብረን ታክሲ ስንሳፈር ረዳቱ አወቃቸው። «ካፒቴን፣ ወራጅ ካሉ ገመድ እናምጣ?» አለ። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴን በመስኮት ውጭውን ያዩ ነበር። ሆቴሎች እሳቸውን ትተው እኔን መጥራት ጀመሩ።

«እናገራለሁ» አልኳቸው። «አልጠሩኝም፣ በራሴ ነው ያወጣኋቸው ብዬ እናገራለሁ። ስለ ጭሱም እናገራለሁ።»

«አትናገርም።»

«ስምዎ እኮ ነው የጠፋው።»

«ስሜ ስለሆነ እኔ አዝበታለሁ። ስማ ሰይድ። አንተ ዛሬ ምክንያት ከደረደርክ፣ ነገ ገመድ የያዘ ሁሉ ምክንያት እስኪያገኝ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ የታችኛው ይሞታል። ገመዱ የአንተ ነበር፣ ሳብክ፣ አለቀ።»

እሳቸው በሕይወት እስካሉ አፌን ዘጋሁ። ከዓመታት በኋላ አልጋቸው ላይ፣ በእርጅና አረፉ።

ጠቡ የተነሳው ከዚያ ወዲህ ነው። የታንከርና የገንዳ ጽዳት ሠራተኞች ማኅበራችን ሰሚት የመለማመጃ ገንዳ ሊከፍት ሆነ፤ ስም ይውጣለት ተባለ። የካፒቴን ልጅ ወይዘሮ ሰናይት የአባቴ ስም ይሁን አሉ። ወጣቶቹ እምቢ አሉ። መሪያቸው ናቲ ነው፤ ጎበዝ ጠላቂ ነው፣ ዩቱብም አለው። በወሬ የሰማውን ድማሚት አነሳ፣ የዕንቁ አውጪዎቹን ነገር አነሳ፣ ከሁሉ በላይ ያንን ቪዲዮ አነሳ። «ታንከር ውስጥ በፈራ ሰው ስም አንለማመድም» አለ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝና ሁለቱም ወገን ወደ እኔ መጣ።

ወይዘሮ ሰናይት አራብሳ ድረስ መጥተው ኮንዶሚኒየሜን አራት ፎቅ ወጡ።

«ጋሽ ሰይድ፣ አባቴ አውጡኝ አላሉም ብለው ይመስክሩልኝ።»

«አላሉማ፤ እመሰክራለሁ።»

«ድማሚቱን ግን አያንሱብኝ። ስለ አባቴ ብለው።»

«ከተጠየቅኩ እናገራለሁ። የጣሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።»

ናቲ ደግሞ ደወለ። «ፋዘር፣ ላይቭ እናስገባዎት። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ፦ ፈርተው ነበር አይደል? የስ ካሉ በቃ፣ ሼሩ ያብዳል።»

«አንተ በመጀመሪያ ገመድ መያዝ ልመድ» ብዬ ዘጋሁበት።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ካፒቴን አትናገር ብለውኛል፤ አልረሳሁም። ነገር ግን የሞተ ሰው ገመድ አይይዝም። ገመዱ አሁን በእኔ እጅ ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ድማሚቱ እውነት ነው፤ ከአፋቸው ሰምቻለሁ» አልኩ። የወጣቶቹ ወገን አጨበጨበ። «ዕንቁ አውጪዎቹም እውነት ነው። ደንባችን የእነሱ ነው፤ ካፒቴን ስማቸውን ሊያነሱ ይገባ ነበር፣ አላነሱም።» ወይዘሮ ሰናይት ፊታቸውን ሸፈኑ። «ፈሩ የሚባለው ግን ውሸት ነው። ማንም አልጠራኝም። በራሴ ጎተትኩ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። «ታዲያ እኚያን የመሰሉ ሰው ያዋረድከው አንተ ነህ በለና።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ደህና ከነበሩ ለምን ጎተቱ?» አለ ናቲ።

«ደህና ነኝ ማለታቸው ዘገየ።»

«በቃ? በዚህ ብቻ?»

«በዚህ ብቻ። ዛሬም ቢሆን እጎትታለሁ። አንተንም እጎትታለሁ፣ ካሜራህን ደግነህ።»

ሳቅ ሆነ፤ ናቲም ሳቀ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ፤ የካፒቴን ስም ወደቀ። ገንዳው በሰፈሩ ስም ተጠራ። ናቲ ዩቱቡ ላይ ድማሚቱን የተናገርኩበትን ቆርጦ ለቀቀ፤ ሌላውን አስቀረ። ወይዘሮ ሰናይት በር ላይ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ሁለቱም ወገን ተቀይሞኛል። ይቀየም። ለአንዱ ብዬ ድማሚቱን አልደብቅም፣ ለሌላው ብዬ ፈሩ አልልም።

በሳምንቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ገመድ አያያዝ አስተምርልን አለኝ። አንድ ነገር ጠየቅኩት። ገመድ ያዥ ሰው ካወጣ በኋላ ለምን አወጣህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ባለሆቴል ቢሆን፣ ጠላቂው ራሱ ቢሆን አይጠይቀውም። ሊቀመንበሩ አመነታ። «ይህ ከሌለ እኔም የለሁም» አልኩት። ተቀበለ።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው፦ ገመድ የያዘ ሰው ሥራው ሰውን በሕይወት ማውጣት ነው። የወጣው ሰው ክብር ከገመድ ያዡ ሥራ ውስጥ አልተጻፈም።

ያከናወንኩትን ልቁጠር፤ ሌላ ሰው ይቆጥርልኛል ብዬ አልጠብቅም። በምሥራቅ አዲስ አበባ ስማቸው የገነነ ሆቴሎች ታንከር ውስጥ ገብቻለሁ፤ አንዱም ውሃውን ሳይደፋ። የቆመ ፓምፕ ውሃ ውስጥ በዳበሳ ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ገመድ በያዝኩበት ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው አልሞተብኝም። ልጆቼን አስተምሬአለሁ፤ አንዷ መሐንዲስ ናት፣ እሷም ትጠይቀኛለች። ሰሚት ገንዳ ላይ ወጣቶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ገመድ ይማራሉ፤ ናቲም ከመካከላቸው ነው። ካፒቴን ዘለቀም ከዚያ ታንከር ከወጡ በኋላ የወይዘሮ ሰናይትን ልጅ ዳሩ። ሙሽራዋን ክንዷን ይዘው ወደ አዳራሹ ሲያስገቧት በሩ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። ይህንንም ከሠራሁት ቁጠሩልኝ።